ሁለት ኮከብ ይበቃልን?

«ሁለት ኮከብ ተጫዋች ያለው ቡድን ዋንጫ ለማንሳት ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» የሚል ጥያቄ የቅርጫት ኳስ ነገር በተነሳ ቁጥር ይነሳል። አንዱ ወገን «ሁለት ብቻ ስጡኝ፤ የቀረውን ከመንገድ ለቅሜ አሟላለሁ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ነገሩን በተረት ይዘጋዋል። ሁለቱም ወገን ብዙ ይጮኻል እንጂ ማስረጃ አያቀርብም። እኛ እንግዲህ በጩኸቱ ላይ ጩኸት ከመጨመር ጥያቄውን ወደ ታሪክ ጎትተን መመርመር መረጥን። ምክንያቱም ጥያቄው ኳስ ሜዳ ላይ አያበቃም። «ታሪክን የሚሠራው ማነው፤ ጀግናው ነው ወይስ ሕዝቡ?» የሚለው የቆየ ሙግት ማልያ ለብሶ መጣ እንጂ ሌላ አይደለም። በመቅደላ ስም በሚጠራ አገር ተቀምጦ ለሚማር ሰው ደግሞ ይህ ሙግት የሩቅ ወሬ ሊሆን አይችልም።

በመጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። በአሜሪካኖቹ የቅርጫት ኳስ ሊግ ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፤ በሜዳው ላይ አምስት ሰው ይሰለፋል። አምስቱን በ48 ብናባዛ 240 ይሆናል። ሁለቱ ኮከቦች አንዲት ደቂቃ እንኳን ሳያርፉ ቢጫወቱ ከዚህ ውስጥ የሚይዙት 96ቱን ብቻ ነው። 144ቱ፣ ማለትም ከመቶ ስልሳው፣ የሌሎች ነው። በእግር ኳስ ደግሞ የሁለቱ ድርሻ ከ11 ሁለት ስለሆነ ከመቶ 18 ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው አንድን ቡድን ሊሸከም የሚችልበት ጨዋታ ካለ ቅርጫት ኳስ ነው ማለት ነው። እዚያ ካልተቻለ ሌላ ቦታ አይቻልም ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ታዲያ እዚያ ተቻለ ወይ? የ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ፍጻሜ ጥሩ መልስ ይሰጠናል። የሎስ አንጀለሱ ሌከርስ ሁለት ታላላቅ ኮከቦች ነበሩት፤ ኤልጂን ቤይለርና ጄሪ ዌስት። ተጋጣሚያቸው የቦስተኑ ሴልቲክስ ነበር። ከሰባቱ ጨዋታ ሦስት ሦስት ተሸናንፈው ሚያዝያ 10 ቀን ለሰባተኛው ቦስተን ላይ ተገናኙ። በዚያ ምሽት ቤይለር 41፣ ዌስት 35 ነጥብ አስቆጠሩ። ሌከርስ በጠቅላላው ያገባው 107 ነው። ከ107ቱ 76ቱን ሁለት ሰዎች አገቡ! ከዚህ በላይ ኮከብነት ከየት ይመጣል? ሆኖም ሌከርስ 110 ለ107 ተሸነፈ።

እንዴት ተሸነፈ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ቤይለርን ለመጠበቅ የተመደቡት የቦስተን ተጫዋቾች ሦስቱ፣ አንዱ ከአንዱ እየተከተሉ፣ በጥፋት ብዛት ከሜዳ ወጡ። አሰልጣኙ ሬድ አወርባክ ዞር ብሎ ከወንበሩ ላይ ያስነሳው ጂን ጓሪሊያን ነበር። ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የሚያይ፣ ስሙን ዛሬ የሚያስታውሰው የሌለ ሰው። ይህ ሰው በጨዋታው መገባደጃ ቤይለርን ያዘው። በሌላ በኩል መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ ውጤቱ 100 ለ100 ሳለ፣ የማሸነፊያዋ ኳስ የደረሰችው ለቤይለር ወይም ለዌስት አልነበረም፤ ለፍራንክ ሰልቪ ነበር። ኳሷ ከብረቱ ተመለሰች፤ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ፤ ዋንጫውም አብሮ ሄደ። እንግዲህ ዕጣ ፈንታው የተወሰነው በሦስተኛውና በዘጠነኛው ሰው እጅ ነው እንጂ በኮከቦቹ እጅ አይደለም።

«አንድ ቀን ነው፤ ዕድል ነው» የሚል ካለ ይቀጥልልን። ከ1954 እስከ 1961 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ቤይለርና ዌስት አብረው የነበሩበት ሌከርስ በፍጻሜ ስድስት ጊዜ በዚያው በቦስተን ተሸንፏል። በመጨረሻው ላይ እንዲያውም ግዙፉ ዊልት ቻምበርሌን ተጨምሮ ኮከቦቹ ሦስት ሆነው ነበር። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመውም ዌስት ነው፤ ከተሸነፈው ቡድን! ምርጡ ሰው በአንድ በኩል፣ ዋንጫው በሌላ በኩል። ይባስ ብሎ ሌከርስ 33 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውና በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) ዋንጫ ያነሳው ቤይለር በጉዳት ምክንያት ጫማውን በሰቀለበት የውድድር ዘመን ነው። የሰላሳ ሦስቱ ድል መጀመሪያም እሱ ከተሰናበተ በኋላ የተደረገው ጨዋታ ነበር። ኮከብ ሲቀነስ ቡድን ተገኘ ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቦስተንና ሌከርስ ከመፋለማቸው ሦስት ወር አስቀድሞ፣ በዚያው በ1954 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተካሂዶ ነበር። ኢትዮጵያ ከግብፅ። ያኔ የኢትዮጵያ ሁለት ኮከቦች እነማን ነበሩ ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ይላል። ሉቺያኖ ከአስመራ የተነሳ፣ የቡድኑ አምበል፤ መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ። ኮከብነታቸውን የምንክድ ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን ጎሎቹን እንቁጠር።

ኢትዮጵያ በዚያ ውድድር ሁለት ጊዜ ተጫወተች። ቱኒዚያን 4 ለ2፣ ግብፅን ከተጨማሪ ሰዓት በኋላ 4 ለ2 አሸነፈች። በድምሩ ስምንት ጎል። ከስምንቱ መንግሥቱ ሦስት፣ ሉቺያኖ ሁለት አስቆጠሩ። አምስት ሆነ። ሦስቱስ? ሁለቱ የግርማ ተክሌ ናቸው፤ አንዱ የሉቺያኖ ወንድም የኢታሎ ቫሳሎ። በፍጻሜው ግብፅ ስትመራ መጀመሪያ አቻ ያደረገው ግርማ ነው። ግብፅ ወዲያው እንደገና መራች። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ 2 ለ2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡ። እንግዲህ ሁለቱ ኮከቦች ብቻ ቢያገቡ ኖሮ ውጤቱ 2 ለ2 ነበር። 2 ለ2 ደግሞ ዋንጫ አይደለም።

ይህ ስለ ጎል ብቻ ነው። ጎል ያላገቡትስ? ከበረኛው ከጊላ ሚካኤል ጀምሮ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረ መድኅን፣ ጌታቸው ወልዴ። ከእነዚህ ስሞች ውስጥ ስንቶቻችን ሦስቱን በቃላችን እናውቃለን? የሜዳው ሥራ አብዛኛው የተሠራው በእነሱ እግር ነው። ከሜዳው ውጭ ደግሞ ቡድኑን ከዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሼቪች ጋር ያሰለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ አለ። ይድነቃቸው ራሱ በቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወተ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1957 ሲመሠረት የነበረበት፣ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው። ያ ዋንጫ ለአንድ ውድድር በተሰበሰቡ አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ የመጣ አልነበረም። በመጀመሪያው ውድድር ካርቱም ላይ በግብፅ 4 ለ0፣ በሁለተኛው ካይሮ ላይ በዚያችው በግብፅ 4 ለ0 እየተሸነፉ፣ እየተማሩ የመጡበት የአምስት ዓመት ሥራ ነው።

ይሁንና ተከራካሪያችን ዝም አይልም። «ሉቺያኖ ባይኖር አቻው ጎል ከየት ይመጣ ነበር?» ይለናል። እውነቱን ነው። እኛም ኮከብ አያስፈልግም አላልንም፤ አይበቃም ነው ያልነው። በአስፈላጊና በበቂ መካከል ያለውን ልዩነት ሳይለዩ መከራከር ጨለማ ውስጥ መደባደብ ነው። ለዚህ ማረጋገጫ የሚሆነን ከስድስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በ1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሜዳው የእኛ፣ ተመልካቹ የእኛ። ሉቺያኖም ነበር፤ መንግሥቱም ነበር። ኢትዮጵያ ግን በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ2፣ ለደረጃ በአይቮሪ ኮስት 1 ለ0 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች። ሁለቱ ኮከቦች ያው ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ግን ያው አልነበረም። በሌሎቹም አገሮች ያለው እንደዚያው፤ እነሱ አድገዋል። ኮከቦቹ ብቻ ዋንጫ የሚያመጡ ቢሆን ኖሮ የ1960ው ዋንጫም እዚሁ በቀረ።

የቅርቡን ማየት የሚፈልግ ካለ 2013 ዓ.ም. አለለት። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫው የሄደው ግን ወደ ቡና ሳይሆን ወደ ጎንደር ነው፤ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ኳስ ነው። አሁን ወደ አምባው እንውጣ። በመቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ አለ። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። ይህ መድፍ የዐፄ ቴዎድሮስ «ኮከብ» ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎችና በአገሬው ሠራተኞች እጅ ተቀለጠ፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ክንድ ተጎተተ። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መንገዱ አልነበረም፤ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተቆረሰ ተሠራ፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ሌላው ኮከብ ፊታውራሪ ገብርዬ ነው። ጀግንነቱን ጠላቶቹም አልካዱም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ገብርዬ ወደቀ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው አለፉ። ሴባስቶፖልም ውጊያውን አልወሰነም። ለምን? ጀግና ጠፍቶ ነው? አይደለም፤ ጀግና ተርፎ ነበር። የጠፋው የቀረው ነው። በዘመኑ መጀመሪያ የነበረው ያ ብዙ ሠራዊት በየመንገዱ ከድቶና ተበትኖ ጥቂት ሺህ ቀርቶ ነበር። ገበሬው በዘረፋና በቅጣት ተማርሮ ጀርባውን ሰጥቷል። ምኒልክ በ1857 ከዚሁ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ዋግሹም ጎበዜ ላስታን፣ ካሳ ትግራይን ይዘዋል፤ የወሎም መሳፍንት ተነስተዋል። በአንጻሩ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ሲመጣ ዝናው እንደ ቴዎድሮስ የሚያስፈራ አልነበረም። ነገር ግን ከባሕሩ ዳር የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል፤ 44 ዝሆንና ስፍር ቁጥር የሌለው አጋሰስ አስከትሏል፤ መንገዱንና እህሉን ደግሞ ከንጉሡ የተጣሉት የእኛው መኳንንት አመቻችተውለታል። አንዱ ወገን ኮከብ ነበረው፤ ሌላው ወገን ስንቅ ነበረው።

ይህን ስንል የቴዎድሮስን ክብር ለመቀነስ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። እንዲያውም ለእሳቸው የሚያዝን ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ ያን መድፍ ገደል ለገደል የጎተተው እጅ ስም ማነው? መጻሕፍታችን የመድፉን ስም ያውቃሉ፤ የጎታቹን አያውቁም። ልክ የኢታሎን ጎል ዘንግተን የመንግሥቱን እንደምናስታውሰው ሁሉ።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። ለአምስት ሰው የተሰጠ የቡድን ሥራ ሁለቱ ጎበዞች ሌሊቱን ሙሉ ይሠሩታል፤ ሦስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ውጤቱ ቢያምርም ሦስቱ አልተማሩም፤ ሁለቱም ደክመዋል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለቱ ከታመሙ ቡድኑ አለቀለት። የዲፓርትመንት የኳስ ቡድን ሲመረጥም እንዲሁ ነው። ሁለቱ የታወቁት ከተገኙ ሌላው ልምምድ መጣ አልመጣ የሚጠይቀው የለም። ከዚህ አልፎ አገርን የሚያድን አንድ ወይም ሁለት ሰው ከሰማይ እስኪወርድ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም የዚሁ በሽታ ታላቅ ወንድም ነው።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው። ሁለት ኮከብ ያለው ቡድን ታላቅ ጨዋታ ሊጫወት፣ ፍጻሜ ሊደርስ፣ ስሙም ሊወራ ይችላል። ሻምፒዮን የሚሆነው ግን ሦስተኛው ሰው ኳሷ እጁ ስትገባ ምን እንደሚያደርግ ሲያውቅ፣ ዘጠነኛውም ከወንበሩ ሲጠራ ተዘጋጅቶ ሲገኝ ነው። የሚቀጥለው ቡድን ሲመረጥ እንግዲህ «ኮከቦቹ እነማን ናቸው?» ከማለታችን በፊት «ዘጠነኛው ማነው፤ ልምምድ ላይ ነበር ወይ?» እንበል።