ዕፀዋት በጥርስ ሳሙና

ከኒም ቅጠል፣ ከቅርንፉድ ዘይት፣ ከአረንጓዴ ሻይና ከሲዋክ የተቀመመ የጥርስ ሳሙና፣ መበስበስ የጀመረውን ጥርስ ይጠግናል እየተባለ በየገበያው ስለሚሸጥ፣ የእነዚህ ዕፀዋት ኃይለ መድኃኒት እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ልባስ በክብደቱ ከመቶ 96 እጅ ያህሉ ካልሲየምና ፎስፌት የተዋሐዱበት ማዕድን ነው። በአፍ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ይልቁንም ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ የተባለው፣ ስኳርን ወደ አሲድ ለውጠው የአፍን ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲያወርዱት ማዕድኑ እየሟሟ ይወጣል፤ ምራቅ ደግሞ አሲዱን አብርዶ፣ በውስጡ ከያዘው ካልሲየምና ፎስፌት የጎደለውን ይተካል። የሚወጣው ከሚተካው ሲበልጥ አስቀድሞ የሚታየው ጥቁር ቀዳዳ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ከድዱ ጠርዝ አጠገብ የሚወጣ፣ ጥርሱ በምራቅ ሲርስ የሚሰወር፣ ሲደርቅ ግን እንደ ጠመኔ የሚነጣ ነጥብ ነው። ሊመለስ የሚችለው በዚህ ደረጃ ሳለ ብቻ ነው፤ ከተቦረቦረ በኋላ ሳሙናም ሆነ ዕፅ አይሞላውም።

ከዕፀዋቱ ሁሉ ሲዋክ፣ በሊቃውንት ስሙ ሳልቫዶራ ፐርሲካ፣ ረጅም ታሪክ አለው። በአገራችን ከወይራና ከልምጭ እንደሚቆረጠው መፋቂያ ሁሉ፣ ጫፉ ታኝኮ ክሩ ሲበተን ጥርስን ይፈትጋል፤ ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የተባለው ንጥረ ነገሩም ባክቴሪያን ይቃወማል። የቅርንፉድ ኡጂኖል ሕመምን ያደነዝዛል፤ ሕመሙ ስለ ታገሠ ጥርሱ ድኗል ብሎ መዘናጋት ግን እጅግ አደገኛ ነው። ከወይን ዘር የሚወጣው ጭማቂ በቤተ ሙከራ የማዕድኑን መመለስ ሲያግዝ ታይቷል፤ ነገር ግን በቤተ ሙከራ የታየ ሁሉ በሰው አፍ ውስጥ ተረጋግጧል ማለት አይደለም።

በዘመናት ምርምር የጸናው ማስረጃ የፍሎራይድ ነው፤ ይኸውም ከምራቁ ካልሲየምና ፎስፌት ጋር ተዋሕዶ፣ ከቀድሞው ይልቅ አሲድን የሚቋቋም ማዕድን ስለሚያስገኝ፣ በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 እጅ ፍሎራይድ የያዘ ሳሙና የነጩን ነጥብ መስፋፋት ይገታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አግብቶታል። በስምጥ ሸለቆ ውኃው ከመጠን በላይ ፍሎራይድ ስላለበት የብዙ ሕፃናት ጥርስ መበለዙ እውነት ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚመጣው ጥርስ ገና በመንጋጋ ውስጥ ሲሠራ ከተዋጠው ነው፤ ስለዚህ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች፣ በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ወላጆችም የጥርስ ሐኪም ያማክሩ።

እንግዲህ ዕፀዋት የሚያጸዱና የሚያግዙ እንጂ ጠጋኞች አይደሉምና፣ ገዢ ሆይ፣ በቱቦው ላይ ከተሣለው ቅጠል ይልቅ በጀርባው የተጻፈውን ዝርዝር አንብበህ ፍሎራይድ መኖሩንና መጠኑን አረጋግጥ።