«ሪድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ታሪክና ፍቺ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ክፍል ገብቶ መጽሐፉን ከገለጠ በኋላ በየቀኑ የሚያዝዘው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ሪድ»፥ ማለት አንብብ የሚለው ነው። ቃሉ አጭርና የተለመደ ስለ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣና አስቀድሞ ምን ማለት እንደ ነበረ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ታሪኩ ሲመረመር፥ ንባብን ለሚያስተምር ሰው ትልቅ ቁም ነገር ይዞ ይገኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ግሡ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሬዳን» ይባል ነበር። የመጀመሪያ ፍቺው መጽሐፍ ማንበብ አልነበረም፤ መምከር፥ መገመትና ስውር የሆነውን ነገር መፍታት ነበር እንጂ። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ራተን» እስከ ዛሬ ድረስ መምከርንና መገመትን ያመለክታል። ጀርመኖች ማንበብን የሚገልጹት «ሌዘን» በሚለው ግሥ ሲሆን፥ የዚህ ጥንተ ፍቺ መልቀምና መሰብሰብ ነው፤ የላቲኑም «ሌጌሬ» እንዲሁ መልቀምንና ማንበብን አጣምሮ ይዟል። እንግዲህ እነዚህ ቋንቋዎች አንባቢን እንደ ለቃሚ ሲመለከቱት፥ እንግሊዝኛ ግን እንደ መካሪና እንደ ምስጢር ፈቺ ተመለከተው ማለት ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ከጥንት ጽሕፈታቸው ጋር የተያያዘ ነው። በ597 ዓ.ም. የካንተርበሪው አውግስጢኖስ ከሮም ተልኮ ወደ ኬንት ከመግባቱ በፊት፥ እንግሊዞች በእንጨት፥ በድንጋይና በአጥንት ላይ የሚቀርጹት «ሩን» የሚባል ፊደል ነበራቸው። «ሩን» የሚለው ስም ራሱ ምስጢር ማለት ነበር። «ራይት» የሚለውም የመጻፍ ግሥ መነሻው መጫርና መቅረጽ ነው። ስለዚህ አንዱ የጫረውን ምልክት ሌላው ተመልክቶ ሲናገር፥ ምስጢር እንደ ፈታ ተቈጠረ፤ ግሡም ነገርን ከመፍታት ጽሕፈትን ወደ መፍታት ተሸጋገረ።

የቀድሞው ፍቺ ፈለግ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። እንቆቅልሽ ማለት የሆነው «ሪድል» የተገኘው ከዚሁ ግሥ ነው። ከ978 እስከ 1016 ዓ.ም.፥ ከአንድ አጭር የስደት ጊዜ በቀር፥ እንግሊዝን የገዛው የንጉሥ ኤተልሬድ ስምም «የከበረ ምክር» ማለት ነው። የዴንማርክ ወራሪዎች አገሩን ባስጨነቁበት ዘመን ንጉሡ ብዙ ብር እየከፈለ ሊመልሳቸው ሞከረ፤ ግን አልሆነለትም። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሰዎች በስሙ ተጫውተው «ኡንሬድ»፥ ማለት ምክረ ቢስ ብለው ጠሩት። የቃሉ ጥንታዊ ፍቺ በተረሳ ጊዜ ይህ ቅጽል ተለውጦ «አንሬዲ» ስለ ሆነ፥ ዛሬ የሚሰማው ሁሉ «ያልተዘጋጀው ንጉሥ» የተባለ ይመስለዋል። የቃል ፍቺ ሲጠፋ ታሪክም አብሮ እንደሚጣመም ይህ ምስክር ነው።

ግሡን ከትምህርት ጋር በጥብቅ ካስተሳሰሩት ሰዎች አንዱ ከ871 እስከ 899 ዓ.ም. በዌሴክስ የነገሠው አልፍሬድ ነው፤ በእርሱም ስም ውስጥ «ምክር» የሚለው ቃል ይገኛል። አልፍሬድ የጳጳሱን የጎርጎርዮስን የእረኝነት መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ በጻፈው መቅድም፥ የላቲን ደብዳቤ መተርጐም የሚችሉ ሰዎች እጅግ ማነሳቸውን በሐዘን ገልጿል። ከዚያም አቅም ያላቸው የጨዋ ልጆች ሁሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በሚገባ ማንበብ እስኪችሉ ድረስ በትምህርት እንዲቈዩ አሳሰበ። በዚያ ቦታ ላይ የጻፈው «አሬዳን» ከ«ሬዳን» የወጣ ግሥ ነው።

በዐሥረኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና ኤጲስ ቆጶስ ሌኦፍሪክ ለኤክሰተር ካቴድራል የሰጠው መጽሐፍ ብዙ እንቆቅልሾችን ይዟል። ከእነዚህም አንዱ ስለ ብል ይናገራል፤ ነፍሳቱ የጠቢብን ቃል ከነብራናው ቢበላም፥ በዋጠው ቃል ምንም ዕውቀት አላገኘበትም። ሳይፈቱ ማንበብ ምን እንደሚመስል የዚያ ዘመን ሰዎች በሚገባ ዐውቀውት ነበር።

የአማርኛው «አነበበ» የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ሲሆን፥ «አንበበ» ከእርሱ የወጣ ነው፤ አንባቢ ማለትም ዝም ያለውን ጽሑፍ የሚያናግር ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ሕፃኑ ፊደል ከቈጠረ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ንባብ ይማራል፤ የመጻሕፍትን ትርጓሜ የሚማረው ግን ብዙ ቈይቶ፥ በሌላ ጉባኤ፥ ከሌላ መምህር ነው። ሥርዐቱ ለራሱ ዓላማ የሚገባ ነው፤ ትርጓሜው በጊዜው እንደሚመጣ የታወቀ ነውና።

የዛሬው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ይህን ያህል የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ገጹን ሳይደናቀፍ አሰምቶ ቢወጣው እንኳ ፍቺው ካልገባው ትምህርቱ ሁሉ ይቀርበታል። መምህሩም በድምፁ ማማር ተታሎ ደኅና አነበብህ ብሎ ካስቀመጠው፥ ጉድለቱ የሚታወቀው በፈተና ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ወቀሳው የሚወርደው በልጁ ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪው አንድ አንቀጽ አንብቦ ሲጨርስ፥ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ፈትቶ እንዲናገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ቢሆንም በአንድ ክፍለ ጊዜ አምስት ገጽ አሰምቶ ከማለፍ፥ አንዲት አንቀጽ አስፈትቶ መውጣት ይሻላል። «ሪድ» የሚለው ትእዛዝ ከጥንት ጀምሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።