የጠቆረው ነጭ፦ በአንድ የሱርስት ወንጌል ሥዕሎች ላይ የተደረገ የቀለም ምርመራ

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሞሱል አካባቢ የተዘጋጀ አንድ የሱርስት ወንጌል ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ምንባቦቹ የተደረደሩት በዓመቱ በዓላት ቅደም ተከተል ነው። በአንዳንድ ሥዕሎቹ ላይ ነጩ ቀለም ጠቁሯል፤ ሠዓሊው ብርሃን ያሳረፈበት ቦታ አሁን ጥላ መስሎ ይታያል።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደኑ ኬሚስት ሮቢን ክላርክና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ጥቁሩ ነገር የእርሳስ ሰልፋይድ መሆኑን ለዩ። ነጩ ቀለም ጥንት የሚሠራው እርሳስን ለኮምጣጤ እንፋሎት በማጋለጥ ነበር። ከከሰል ጭስና ከብስባሽ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያገኘው ይጠቁራል። በዘይት ሥዕል ላይ ዘይቱ የቀለሙን ቅንጣቶች ስለሚሸፍናቸው ጉዳቱ ይቀንሳል፤ በመጽሐፍ ሥዕል ግን ማጣበቂያው ስስ ስለሆነ ቅንጣቶቹ ለአየር ይጋለጣሉ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ በ1400 ገደማ ይህ ነጭ በግድግዳ ላይ እንደሚጠቁር አስጠንቅቆ ነበር።

መመርመሪያው በህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ በራማን ስም የሚጠራ ዘዴ ነው። የሌዘር ብርሃን በአጉሊ መነጽር በአንዲት የቀለም ቅንጣት ላይ ያርፋል። አብዛኛው ብርሃን ሳይለወጥ ይበተናል፤ እጅግ ጥቂቱ ግን ከሞለኪውሎቹ ንዝረት የተነሣ ጉልበቱ ተለውጦ ይመለሳል፤ የለውጡም መጠን ቁሱን ይናገራል። ከሥዕሉ ምንም አይቆረስም። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የእርሳስ ሰልፋይድ ብርሃንን አብዝቶ ስለሚውጥ በኃይለኛ ሌዘር ይግልና ራሱ ወደ ሌላ ውህድ ይለወጣል። ተመራማሪው ኃይሉን ካልቀነሰ በስተቀር መሣሪያው የፈጠረውን ቁስ የዘመን ሥራ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል።

ከጥቁሩ ይልቅ የሚያከራክረው ቢጫው ነው። በዚያው መጽሐፍ ፓራሪያልጋር የተባለ የአርሴኒክና የድኝ ውህድ ተገኝቷል። ሪያልጋር ከተባለው ብርቱካንማ ቀይ ማዕድን ጋር ይዘቱ አንድ ነው፤ የሚለየው የአቶሞቹ አደራደር ብቻ ነው። ሪያልጋር ብርሃን ሲያገኘው ወደዚህ ቢጫ ይለወጣል። ታዲያ ሠዓሊው የቀባው ቢጫ ነበር ወይስ ቀይ? ንጥረ ነገሮችን ብቻ የሚለየው የኤክስ ሬይ ምርመራ አርሴኒክና ድኝ መኖራቸውን ይናገራል እንጂ ይህን አይመልስም። ዓይንም ቢሆን ኦርፒመንት ከተባለው የተለመደ ቢጫ አይለየውም። ስለ ሠዓሊው የቀለም ምርጫ የሚጻፍ ማናቸውም ሐተታ ከዚህ ጥያቄ መጀመር ይገባዋል።

ጥቁሩን ወደ ነጭ የመመለሱ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1818 ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ያገኘው ፈረንሳዊው ቴናር ለጠቆሩ ንድፎች መድኃኒት እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ሰልፋይዱ በእርግጥ ይነጣል፤ የሚገኘው ግን የእርሳስ ሰልፌት እንጂ ሠዓሊው የቀባው ነጭ፣ ማለትም የእርሳስ ካርቦኔት፣ አይደለም። ፈሳሹም ወረቀትንም ሆነ ብራናን ሊያሳብጥ፣ በአጠገቡ ያለውንም ቀለም ሊያሟሟ ይችላል።