አንጮቴ

አንጮቴ (በሳይንሳዊ ስሙ ኮክሲኒያ አቢሲኒካ) በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በወለጋ የሚለማ የሥራ ሥር ሰብል ነው። ከዱባና ከቅል ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ሲሆን ሐረጉ በአጥር ወይም በድጋፍ ላይ ይወጣል። በዋናነት የሚበላው ከመሬት በታች የሚወፍረው ሥሩ ነው። እንደ ድንች ሳይሆን ባብዛኛው በዘር ይባዛል።

አበሳሰልና አመጋገብ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ አካባቢ አንጮቴ የክብር ምግብ ነው፤ ለመስቀል በዓል ተቀቅሎ በቅቤና በቅመም ይቀርባል። አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለአራስ እናት እንደሚበጅም ይታመናል። በልማዱ ሥሩ የሚቀቀለው ከነልጣጩ ነው፤ የሚላጠው ከበሰለ በኋላ ነው።

የንጥረ ነገር ይዘት

ሀብታሙ ፈቃዱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ጥሬውን፣ ተልጦ የተቀቀለውንና ከነልጣጩ የተቀቀለውን አንጮቴ አነጻጽረዋል። በ100 ግራም ጥሬ አንጮቴ ውስጥ 119.5 ሚሊ ግራም ካልሲየም ተገኝቷል። ይህ ከላም ወተት ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው፤ የአካባቢው ዋና እህል የሆነው በቆሎ ግን ካልሲየሙ እጅግ አነስተኛ ነው። ተልጦ ሲቀቀል ካልሲየሙ ወደ 115.7፣ ከነልጣጩ ሲቀቀል ደግሞ ወደ 118.2 ሚሊ ግራም ወርዷል። ልዩነቱ በፕሮቲን ላይ ጎላ ይላል፤ ጥሬው 3.25 በመቶ የነበረው ተልጦ ሲቀቀል 2.67፣ ከነልጣጩ ሲቀቀል 3.14 በመቶ ሆኗል። የወለጋ እናቶች የአቀቃቀል ልማድ ንጥረ ነገሩን በተሻለ እንደሚጠብቅ ቁጥሮቹ ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ በምግቡ ውስጥ ያለው ማዕድን ሁሉ ወደ ደም አይገባም። አንጮቴ ፋይቴትና ኦክሳሌት የተባሉ ውህዶችም አሉት። እነዚህ በአንጀት ውስጥ ካልሲየምን፣ ፋይቴት ደግሞ ብረትንና ዚንክንም ጭምር አጣብቀው ይይዛሉ፤ የተያዘው ማዕድን ሳይመጠጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በእህልና በሥራ ሥር ላይ ብቻ የሚኖር ቤተሰብ ሆዱ ጠግቦም የማዕድን እጥረት ሊደርስበት የሚችለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። መቀቀል ሁለቱንም ውህዶች ይቀንሳል። በተጠቀሰው ጥናት በ100 ግራም ጥሬ አንጮቴ ከ389 ሚሊ ግራም በላይ የነበረው ፋይቴት በሁለቱም የአቀቃቀል መንገዶች ወደ 334 ሚሊ ግራም ገደማ ወርዷል።

ስለ አጥንት ጥገና የሚነገረውን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለው የይዘት ልኬት በምግቡ ውስጥ ስንት ካልሲየም እንዳለ እንጂ ስብራት በስንት ጊዜ እንደሚጠገን አይለካም። ካልሲየም ለአጥንት አስፈላጊ ቢሆንም፣ አንጀት ካልሲየምን በሚገባ ለመምጠጥ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ ሰውነት ይህን ቫይታሚን በዋናነት የሚያገኘው ቆዳ ለፀሐይ ብርሃን ሲጋለጥ ነው።