ወጣትነትና አእምሮ፦ የኦክላንድ መዝገብ የሚመሰክረው

ወጣት ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲሰበር ወይም አልጋ ሲይዝ ብቻ ነው የሚለው እምነት በእኛም በሌላውም ዘንድ የቆየ ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ጠዋት ሥራ ይገባል፤ ያገኘውን በልቶ ይውላል፤ የደም ግፊቱ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ሐሳቡም አይመጣለት። ጤናን መጠበቅ የጎልማሶች ጉዳይ፣ መርሳት ደግሞ የሽማግሌዎች ዕጣ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን እምነት በማስረጃ ካናጉት ከተሞች አንዷ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ኦክላንድ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እዚያ የተጠራቀመው የጤና መዝገብ የሚነግረን ጉዳይ ቢኖር፣ ሰው በሃምሳ ዓመቱ የሚኖረው የማሰብና የማስታወስ አቅም በሃያዎቹ ከነበረው አካል ጋር የተሳሰረ መሆኑን ነው። ያ አካል ደግሞ በወጣቱ ፈቃድ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ሥራው፣ ገቢውና ሰፈሩም ይሠሩታል። ይህን ለመረዳት መዝገቡ እንዴት እንደተጀመረ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዝገቡን መሠረት የጣለው የሠራተኞች ችግር ነው። በጦርነቱ ወቅት ሄንሪ ካይዘር በኦክላንድ ጎረቤት በሪችመንድ ባቋቋማቸው የመርከብ ግንባታ ጣቢያዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቀጥረው ነበር፤ ከነዚህም ከደቡብ ግዛቶች የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያንና ለመጀመሪያ ጊዜ ብየዳ የጨበጡ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ሐኪሙ ሲድኒ ጋርፊልድ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ትንሽ ገንዘብ አስቀድሞ እየሰበሰበ ሁሉንም የሚያክምበትን ሥርዓት ዘረጋ። በ1942 ኦክላንድ ውስጥ ሆስፒታል ተከፈተ፤ በ1945 አገልግሎቱ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆነ። ዛሬ ካይዘር ፐርማነንቴ የሚባለው ተቋም መነሻው ይህ ነው። አስቀድሞ የተከፈለበት ሕክምና ለሐኪሙም ሌላ ስሌት ያመጣል፦ ገቢው የሚተርፈው አባላቱ ጤነኛ ሆነው ሲቆዩ ስለሆነ፣ በሽታን ሳይብስ መፈለግ ይጠቅመዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የእኛ አባባል እዚያ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በዚሁ ዘመን ሳን ሆሴ ገና የፕለምና የአፕሪኮት እርሻ፣ የታሸገ ምግብ ፋብሪካ አገር ሳለች፣ ሌስተር ብሬስሎውና ባልደረቦቹ የፋብሪካ ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ ለብዙ በሽታዎች የመመርመርን ዘዴ እዚያ ሞክረው ውጤቱን በ1949 አሳተሙ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዘዴው ወደ ወደቡ ተሻገረ። በ1934 ሕይወት በጠፋበት የሥራ ማቆም አድማ መብታቸውን ያስከበሩት የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ወዛደሮች፣ በማኅበራቸው አማካይነት በተገኘ የሕክምና ዋስትና፣ በ1951 በካይዘሩ ሐኪም በሞሪስ ኮለን መሪነት በጅምላ ተመረመሩ።

የወዛደሮቹ ምርመራ ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። ጆንያ የሚሸከመው፣ ጋሪ የሚገፋውና ወረቀት ይዞ ጭነት የሚቆጥረው ሰው የአንድ ማኅበር አባል ሆነው በአንድ ወደብ ስለሚሠሩ፣ የጉልበት ሥራ ልብን ምን እንደሚያደርጋት ለማየት እንዲህ የተመቸ ቦታ አልነበረም። ራልፍ ፓፈንባርገርና ባልደረባው ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 74 የሆነ 6,351 ወዛደሮችን ለ22 ዓመት ተከታትለው በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ በከባዱ ሥራ ላይ የነበሩት በልብ ሕመም የሞቱበት መጠን በቀላሉ ሥራ ላይ ከነበሩት በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ሲታተም ግን ያ ከባድ ሥራ ራሱ እየጠፋ ነበር። በ1960 ማኅበሩና አሠሪዎቹ ማሽን እንዲገባ ተስማሙ፤ በ1962 ኦክላንድ የኮንቴነር መርከቦችን ማስተናገድ ጀመረች፤ ክሬኑ የብዙ ሰዎችን ትከሻ ተካ። በሳን ሆሴም የፍራፍሬው ማሳ ለኮምፒዩተር ቦታውን ለቀቀ፤ አይቢኤም የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ በ1956 ያወጣው ከዚያ ነው። የአባቱ ትውልድ ደመወዝ እየተከፈለው ያንቀሳቅስ የነበረውን ሰውነት፣ ልጁ ከሥራ በተረፈው ሰዓትና በራሱ ገንዘብ እንዲያንቀሳቅስ ተፈረደበት። ወጣትና እንቅስቃሴ በባሕረ ሰላጤው መለያየት የጀመሩት ያኔ ነው። የተለያዩትም በስንፍና ምክንያት አይደለም፤ ኢኮኖሚው ተለወጠ።

ከልብ ወደ አንጎል የተሻገረውን መንገድ የከፈተው ቀጣዩ ምርመራ ነው። የኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረው ኮለን በ1964 በኦክላንድና በሳን ፍራንሲስኮ ምርመራውን በኮምፒዩተር አደራጀው፤ ተመርማሪው ካርዱን ይዞ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዘዋወራል፣ ውጤቱ በዚያው ይመዘገባል። ከ1964 እስከ 1973 በአርባዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ሳሉ የተመረመሩ 8,845 አባላት መዝገብ ሳይጣል ተቀመጠ። ሬቸል ዊትመርና ባልደረቦቿ ይህን መዝገብ በስተርጅና ከተገኘው የሕክምና ታሪክ ጋር አገናኝተው በ2005 እንዳሳተሙት፣ በአርባዎቹ መጀመሪያ ሲጋራ ማጨስ፣ የደም ግፊት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና የስኳር በሽታ እያንዳንዳቸው በእርጅና የመርሳት በሽታን ዕድል ከመቶ 20 እስከ 40 ይጨምሩ ነበር፤ አራቱም የተደራረቡበት ሰው ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚህ በኋላ አርባ ዓመት ዘግይቷል ወይ የሚለው ጥያቄ ግድ ይመጣል።

መልሱ ቀድሞ ተዘርቶ ነበር። በ1985 እና በ1986 ኦክላንድን ጨምሮ በአራት የአሜሪካ ከተሞች ካርዲያ የተባለ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆነ 5,115 ጥቁርና ነጭ ወጣቶችን መዘገበ፤ የኦክላንዶቹ ከካይዘር አባላት የተመረጡ ናቸው። መጀመሪያ የታሰበው ስለ ልብ ብቻ ነበር። ወጣቱ የመሮጫ ማሽን ላይ ይወጣል፤ በየሁለት ደቂቃው ይከብድበታል፤ እስከ 18ኛው ደቂቃ መቋቋም የቻለ ይቋቋማል። ከ25 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ጎልማሳ ሆነው ሲመለሱ ሌላ ፈተና ጠበቃቸው፦ አሥራ አምስት ቃላት ተነበቡላቸውና ቆየት ብሎ ስንቱን እንደሚያስታውሱ ተጠየቁ፤ ቁጥርንና ምልክትን እያዛመዱ በተወሰነ ጊዜ ወረቀት እንዲሞሉ ተደረገ። በ2014 በታተመውና 2,747 ሰዎችን በያዘው ትንታኔ፣ በወጣትነት ማሽኑ ላይ የተቆየባት እያንዳንዷ ተጨማሪ ደቂቃ በጎልማሳነት በአማካይ 0.12 ቃል የበለጠ ከማስታወስና 0.92 ምልክት የበለጠ በትክክል ከመሙላት ጋር ተያያዘች። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የክርስቲን ያፌ ቡድን፣ ከወጣትነት ጀምሮ የተጠራቀመ የደም ግፊትና የደም ስኳር በጎልማሳነት ከደከመ የአእምሮ አፈጻጸም ጋር እንደሚሄድ አሳየ። ቀጥሎም በ3,247 ሰዎች ላይ ለ25 ዓመት ቴሌቪዥን ማብዛትና እንቅስቃሴ ማሳነስ አንድ ላይ ሲገኙ፣ የደከመ ውጤት የማምጣት ዕድል በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ታየ። አንጎል፣ በተለይም ማቀድንና ራስን መግዛትን የሚመራው የፊተኛው ክፍል፣ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እየበሰለ እንደሚሄድ ስናስታውስ ይህ ሁሉ አያስደንቅም። ገና የሚገነባ አካል በሚያገኘው ደምና ዕረፍት ልክ ይገነባል።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን እዚህ ላይ ይነሳል። ቀድሞውኑ የነቃ አእምሮ ያለው ሰው ራሱን መጠበቅ ስለሚያውቅ ይሮጣል እንጂ፣ መሮጡ አእምሮውን አላነቃውም ይባላል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም፤ በኒውዚላንድ ደነዲን ከልደት ጀምሮ የተከታተለው ጥናት በ2015 እንዳመለከተው፣ በጎልማሳነት በአካል ብርቱ የሆኑት በልጅነታቸውም በፈተና የተሻሉ ነበሩ፤ ብርታታቸው አእምሮን ከመድከም እንደሚያድን ማስረጃ አልተገኘም። የካርዲያ ልዩነትም በአንድ ሰው ላይ ሲታይ ትንሽ ነው። በሌላ ወገን በስዊድን ከ1950 እስከ 1976 የተወለዱና በ18 ዓመታቸው ለውትድርና የተመረመሩ 1.2 ሚሊዮን ወንዶች መዝገብ፣ የልብና የሳንባ ብርታት ከማሰብ ችሎታ ጋር እንደሚሄድ፣ ወንድማማቾችና መንትዮች ሲነጻጸሩም ትስስሩን በአመዛኙ የሚያስረዳው ዘር ሳይሆን አካባቢ መሆኑን በ2009 አሳይቷል። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ20 እስከ 67 ዓመት የሆኑ 132 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለስድስት ወር ሲሠለጥኑ፣ ልብን የሚያሠራ ስፖርት የሠሩት በማቀድና በማመዛዘን ፈተና ተሻሻሉ፤ መሻሻሉ ዕድሜ በገፋ መጠን ጎልቷል። ስለዚህ ሩጫ ብልህ ያደርጋል ማለት ከማስረጃው ያልፋል፤ የአካልና የአእምሮ ዕጣ ተለያይቷል ማለት ደግሞ ማስረጃውን መካድ ነው። በወጣትነት የጀመረ የደም ግፊት የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ለአሥርተ ዓመታት እንደሚጎዳ መጠራጠር ከባድ ነው፤ የደም ግፊትን ለመቆጣጠር ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍትሕ ነው። ይህን ሁሉ ለወጣቱ መስበክ ድሃውን በድህነቱ መውቀስ ይሆናል የሚሉ አሉ። የኦክላንድ ታሪክ ግን ራሱ መልስ አለው። የመርከብ ጣቢያዎቹ ሲዘጉ፣ ከደቡብ የመጡት ጥቁር ቤተሰቦች በምዕራብ ኦክላንድ ተጨናንቀው ቀሩ፤ የቤት ብድርና የኪራይ አድልዎ ከዚያ እንዳይወጡ አገዳቸው፤ በ1950ዎቹ የሳይፕረስ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ሰነጠቀው። ካርዲያም ይህን መዝግቧል። ከ1985 እስከ 2010 ገቢያቸው ዝቅ ብሎ የቆየ ሰዎች በጎልማሳነት በአእምሮ ፈተናዎች ከሌሎቹ በግልጽ የባሰ ውጤት አመጡ፤ በዘር በተለየ ሰፈር ረጅም ዓመት የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንም በፍጥነት የማሰብ ፈተና ላይ ደክመው ታዩ። እንግዲህ ማስረጃው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ወጣቱ ብቻ አይደለም። ደመወዝ፣ መንገድና መናፈሻ የአእምሮ ጤና ጉዳዮች መሆናቸውን ይናገራል፤ ወዛደሮቹ ሕክምናን በልመና ሳይሆን በድርድር እንዳገኙትም ያስታውሳል። የካይዘር አባላት ዋስትና ያላቸው ስለሆኑ ሁሉንም አይወክሉም የሚለው ትችትም እውነት ነው፤ ዋስትና የሌለው ወጣት መዝገብ ቢኖረው ከዚህ የከፋ እንጂ የተሻለ ነገር ያሳያል ብሎ ለማመን ግን ምክንያት የለም።

ይህ የእኛም ጉዳይ ነው። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት የከፈተው፣ በሳን ሆሴ ሌሊት እየሠራ ቀን የሚማረው ወጣት ሐበሻ፣ እንቅልፉን ለቤት ኪራይና አገር ቤት ለሚላክ ገንዘብ የሚሸጥ ሰው ነው። መስዋዕትነቱ የሚከበር ነው፤ ዋጋው ግን ሊታወቅ ይገባል። በ2024 ከካርዲያ የወጣ ጥናት በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ የእጅ መቆጣጠሪያ ታስሮላቸው እንቅልፋቸው የሚቆራረጥ የነበሩት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በማስታወስና በማሰብ ፈተና እንደደከሙ አሳይቷል። ኢትዮጵያም ብትሆን ከዚህ ውጭ አይደለችም፤ በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አግኝቷል። መዝገብ መያዝም የሀብታም አገር ብቻ ሥራ አይደለም፤ ካርዲያ በተጀመረበት ሰሞን የቡታጅራ የጤና ፕሮጀክት የገጠር ቤተሰቦችን ልደትና ሞት መመዝገብ ጀምሯል።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ፍርድ አጭር ነው። ወጣትነት ያለ ሐኪም የሚታለፍ ዘመን አይደለም፤ ጤናውም ለወጣቱ ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ያሉ ማኅበሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የደም ግፊትና የስኳር ምርመራን ለሽማግሌዎች እንደሚያዘጋጁ ሁሉ ለሃያ ዓመት ወጣቶችም ያዘጋጁ፤ አሠሪ የሆነ ሰው የሌሊት ተረኛውን በማግስቱ ጠዋት አይጥራው። ልጁ ኮሌጅ የገባለት ወላጅም ስለ ውጤቱ ሲጠይቅ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛና የደም ግፊቱን መቼ እንደተለካ አብሮ ይጠይቅ።