ፒኤስአር ቢ1257+12

ፒኤስአር ቢ1257+12 በሰንቡላ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ፣ ከምድር 2,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚገኝ ፑልሳር ነው። ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ መኖራቸው የተረጋገጠ የመጀመሪያዎቹ ፕላኔቶች የተገኙት በዚሁ ኮከብ ዙሪያ ነው። ፑልሳር ግዙፍ ኮከብ በሱፐርኖቫ ሲፈነዳ የሚተርፍ፣ በፍጥነት የሚሽከረከር የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ይህኛው አንዱን ዙር በ6.2 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል።

ግኝት

ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ቮልሽቻን ፑልሳሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990፣ በፖርቶ ሪኮ በነበረው የአሬሲቦ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። የኮከቡ የሬዲዮ ምት ከሚጠበቅበት ቅጽበት አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ ይደርስ ነበር። ምክንያቱ ኮከቡን በስበት የሚጎትቱ ፕላኔቶች ነበሩ፤ ከሁለቱ ትልልቆች እያንዳንዱ የሚያስከትለው ልዩነት ከ1 ሚሊሰከንድ ብዙም አይበልጥም፤ ይህም ኮከቡ ወደ እኛና ከእኛ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወዛወዝ የሚፈጠር ነው። የቮልሽቻን የሥራ አጋር ዴል ፍሬይል በኒው ሜክሲኮ ባሉ አንቴናዎች የኮከቡን ቦታ በትክክል ለካ። ልኬቱ የግድ ነበር፤ በ1991 በሌላ ፑልሳር ዙሪያ ፕላኔት አገኘን ያሉት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተሳሳቱት የኮከቡን ቦታ በትክክል ባለማወቃቸው ነውና። ከእነዚህ ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው አንድሩ ላይን ስህተቱን በጥር 1992 በአትላንታ ጉባኤ ላይ በይፋ ሲያስታውቅ ታዳሚው በጭብጨባ አከበረው። የቮልሽቻንና የፍሬይል ጽሑፍ በዚያው ወር ታተመ።

ፕላኔቶቹ

ሁለቱ ትልልቆች እያንዳንዳቸው የምድርን ክብደት አራት እጥፍ ያህል ሲሆኑ፣ ኮከቡን በ66 እና በ98 ቀናት ይዞራሉ። እርስ በርስ በስበት ሲጓተቱ የሚፈጠረው ለውጥ በ1994 ታይቶ ስለ መኖራቸው የነበረውን ጥርጣሬ ዘጋው። በዚያው ዓመት ሦስተኛው ይፋ ሆነ፤ ክብደቱ የጨረቃን ሁለት እጥፍ ገደማ ነው።

አመጣጥ

የፕላኔቶቹ አመጣጥ እስካሁን አከራካሪ ነው። ፕላኔቶቹ ከፍንዳታው በፊት ነበሩ የሚለው ግምት ብዙም ደጋፊ የለውም፤ ኮከቡ አብዛኛውን ክብደቱን በድንገት ሲያጣ ፕላኔቶቹ ሊያመልጡ ይችላሉ፤ ቢተርፉም ምህዋራቸው ይዛባል። የእነዚህ ምህዋር ግን ክብ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከፍንዳታው በኋላ ከጋዝና ከአቧራ ዲስክ እንደ አዲስ ተፈጠሩ የሚለው ሐሳብ ይበልጥ አሳማኝ ይመስላል። ዲስኩ ከየት መጣ በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዳንዶች ከፍንዳታው ተመልሶ የወደቀ ቁስ ነው ይላሉ። ሌሎች ፑልሳሩ ያፈረሰው ጓደኛ ኮከብ ቅሪት ነው ሲሉ፣ ሁለት ነጭ ድንክ ኮከቦች ተጋጭተው የተዉት ነው የሚሉም አሉ። ፑልሳሩ እጅግ በፍጥነት መሽከርከሩ ከጓደኛ ኮከብ ቁስ መውሰዱን ስለሚጠቁም፣ ሁለተኛው መላምት ቸል የሚባል አይደለም።

ስያሜ

በ2015 ኮከቡ ሊች፣ ፕላኔቶቹ ድራውግር፣ ፖልተርጋይስትና ፎቤቶር ተብለዋል።

ሌሎች ፑልሳሮች

በ2011 የተገለጸው የፑልሳሩ ፒኤስአር ጄ1719-1438 ፕላኔት መሰል ጓደኛ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ አንድ ዙር ይጨርሳል፤ በአብዛኛው ካርቦን ሳይሆን እንደማይቀር ይገመታል። የማንቸስተር ተመራማሪዎች 800 ያህል ፑልሳሮችን ፈትሸው በ2022 እንዳስታወቁት፣ ምድርን የሚያህሉ ፕላኔቶች ሊኖሯቸው የሚችሉት ከ0.5 በመቶ በታች ናቸው።