ሞላና ወገብ፦ የምዕራብ ጎጃም መንገድ ጭነቱን በማን ላይ አሳረፈ?

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ስለ መንገድ ታሪክ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጥረው ኪሎ ሜትርና ድልድይ ነው። መቼ ተጀመረ? ማን አሠራው? ገንዘቡ ከየት መጣ? እነዚህ ጥያቄዎች በየመዝገብ ቤቱ መልስ አላቸው። መንገዱ በላዩ የሚያልፈውን ሰው ገላ ምን አደረገው የሚለው ጥያቄ ግን በመዝገብ አልተያዘም። ዛሬ ይህን ጥያቄ ላነሣ የመረጥሁት በአንድ ትንሽ ዕቃ በኩል ነው፤ እርሱም በጎማና በኮርቻ መካከል የሚገኘው ሞላ ነው። የምከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገድ ላይ ሞላ በተሻሻለ ቁጥር የተጠየቀው «ስንት ኩንታል ይችላል?» የሚለው ነበር፤ «የተቀመጠውን ሰው እንዴት ያደርገዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተጠየቀም። ይህም ዛሬ በሞተር ሳይክል ላይ በግልጽ ይታያል።

አገሩን ለማታውቁት ጥቂት ልበል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ የዛሬው ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ከእርሷ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ቡሬ ትገኛለች፤ ከዚያም ዋናው መንገድ ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። በግራና በቀኝ ጃቢ ጠህናን፣ ወምበርማ፣ ቋሪትና ሰከላ ተዘርግተዋል። በቆሎና በርበሬ የሚያበቅለው ቀይ አፈር ክረምት ሲሆን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ በበጋ ደግሞ ዱቄት ይሆናል። ወደ ገበሬው ቀበሌ የሚገባው ጠጠር መንገድ መኪና ሲመላለስበት እንደ ሽንሽን ቀሚስ ይሸነሸናል።

ከሞላ በፊት የነበረው ዘመን የበቅሎ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው ሜጀር ቺዝማን የዓባይን ሸለቆና የጎጃምን ደጋ ያሰሰው በበቅሎ ነበር። በቅሎ ከማሽን ጋር ስትነጻጸር የምትደንቅ ናት። አራት እግሮቿ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይታጠፋሉ፤ ድንጋዩን ዓይታ ትረግጣለች፤ ሰጋር ከሆነች ደግሞ የተሳፋሪው ወገብ ብዙም አይነቃነቅም። በዚያ ዘመን የመንገዱን ክፋት የሚሸከመው የእንስሳው ጉልበትና የአጋሰስ ነጂው እግር ነበር።

ያ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ የታየው በጦርነት ጊዜ ነው። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በጎጃም በኩል ሲመለሱ፣ በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ስንቅና ጥይቱን የጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ላይ ነበር። ለበረሃ አሸዋ የተፈጠረው እግር የጎጃምን ድንጋይ፣ ዳገትና ብርድ አልቻለውም፤ አብዛኞቹ ግመሎች በመንገድ አለቁ። ጣሊያኖች በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቅቀው ሲወጡ የድሉ ዜና ተጻፈ። የጭነቱ ታሪክ ግን በየገደሉ አፋፍ ቀረ።

ጣሊያን ከአምስት ዓመት በኋላ ተሸንፎ ቢወጣም የጋራዥ ቋንቋው ቀርቷል። ዛሬም በቡሬ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ ይላል። ለርእሳችን የሚያስፈልጉን ሁለት ቃላት ባሌስትራና ሞላ ናቸው። ባሌስትራ ተደራርቦ የታሰረ የብረት ምላስ ነው፤ ሞላ ደግሞ የተጠመዘዘ ሽቦ። ተማሪዎቼ «ሞላ» የሚለውን ቃል መሙላት ከሚለው ግስ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ቃሉ ግን በቀጥታ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዕቃው ከነስሙ የገባው በጭነት መኪና በኩል ስለሆነ፣ አስተሳሰቡም የጭነት አስተሳሰብ ሆኖ ቀጠለ።

ከድል በኋላ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» እያለ የሚጠራው ፊያት 634 እህልና ሰው አብሮ ጫነ። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የተደገፈው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገዱ በሠፋ ቁጥር ጭነቱ በዛ፤ ጭነቱ ሲበዛ ባለመኪናው በባሌስትራው ላይ አንድ ምላስ ጨመረ። እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህራን የሚያውቁት ሕግ ይገባል። ለብዙ ጭነት የጠነከረ ሞላ በጥቂት ጭነት ጊዜ አይታጠፍም። ስለዚህ እህሉን ያለ ስብራት ወደ ገበያ ያደረሰ መኪና፣ ባዶውን ሲመለስ የጫናቸውን ሰዎች እንደ ወንፊት ያንጓልላቸዋል። በቆሎው ተመቸው፤ ሰውየው ግን አልተመቸውም።

የሞተር ሳይክል ታሪክ በአውሮፓ የተጀመረው ከዚህ በተለየ ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 የሞቶ ጉዚ መሥራች ወንድም ጁሴፔ ጉዚ ከጣሊያን ተነሥቶ የአውሮፓ ሰሜናዊ ጫፍ ወደሚባለው የኖርዌይ ምድር በሞተር ተጓዘ። ሞተሩ በኋላ ጎማው በኩል ሞላ ነበረው። ብዙዎች በዚያን ጊዜ የኋላ ሞላ ሞተሩን ያወላግደዋል ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ጉዞው ሰው በረጅም መንገድ ላይ ሳይደቅቅ መዋል እንደሚችል ማሳያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢኤምደብሊው በፊት ጎማ ቱቦዎች ውስጥ ዘይት የሚሠራበትን ማርገቢያ በገበያ ላይ አዋለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሉሲየን ቲልከንስ የተባለ ቤልጂየማዊ የምሕንድስና መምህር ሁለቱን የኋላ ሾኮች በአንድ ረጅም ሾክ ተካ፤ ያማሃ ሐሳቡን ገዝቶ በ1973 በ250 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈበት። በዚሁ ዓመት ከለንደን የተነሣው ቴድ ሳይመን በትራያምፍ ሞተሩ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ጉዞውን ወደ ኬንያ ቀጠለ። ከኋላ ጎማው በላይ የጫነው ሻንጣ ያስከተለው ጥያቄና የእኛ የግብርና ባለሙያ ጥያቄ አንድ ነው፤ ከጎማው በስተኋላ የተንጠለጠለ ክብደት እንዴት ይያዛል? ልዩነቱ፣ ተጓዡ መንገዱን የሚመርጥ ሲሆን ባለሙያው የሚመደብበት መሆኑ ነው።

የቲልከንስ ሐሳብ ልጆች የሆኑት የያማሃ ዲቲ ሞተሮች በግብርናና በጤና መሥሪያ ቤቶች በኩል ወደ ገጠራችን ገቡ። እግራቸው ረጅም፣ ሞላቸው ለስላሳ ነበር፤ ለአንድ ሰውና ለአንድ ቦርሳ የተሠሩ ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌዎችን ከመንገድ የማገናኘት ፕሮግራም ተከተለ። ጠጠር መንገዱ ወደ ገበሬው ደጅ ሲደርስ ግን አብሮት የመጣው ዲቲ ሳይሆን ርካሹ የሕንድ ሞተር፣ በተለይም ቦክሰር ነው። ሞተሩ የግለሰብ መተዳደሪያ ሆነ። ሹፌሩ፣ ሁለት ተሳፋሪና አንድ ጆንያ በርበሬ በአንድ ኮርቻ ላይ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጋራዦች ያየኋቸው ማሻሻያዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በሾኩ ግርጌ ያለውን ቀለበት እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ነው። ሁለተኛው ከሌላ ሞተር የተወሰደ ጠንካራ ሞላ መግጠም ነው። ሦስተኛው በፊት ቱቦዎች ውስጥ የሚገባውን ዘይት በወፍራም የሞተር ዘይት መተካት ነው። ሦስቱም የብልሃት ሥራዎች ናቸው፤ ባለሙያዎቹንም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ሦስቱም የሚመልሱት የቀድሞውን የባሌስትራ ጥያቄ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ከዚያ መልሶ ይወረውራል፤ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያጠፋው በሾኩ ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ዘይት ነው። ሞላ ያለ ዘይት ሰውን እንደ ኳስ ያነጥራል። ቀለበቱን ማጥበቅ ኮርቻውን ከፍ ያደርጋል እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም። ሞተሩ ሹፌሩን ብቻ ይዞ ሲቆም ከሞላው እንቅስቃሴ ሲሶ ያህሉ ቢወርድ ተገቢ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚከተልበት፣ ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ የሚሸሽበት ቦታ ያስፈልገዋልና። ሦስት ሰውና ጆንያ ሲጫን ያ ቦታ ያልቃል፤ ብረት ከብረት ይጋጫል። ጠንካራው ሞላ ግጭቱን ያስቀራል። ሆኖም ሹፌሩ ማታ ብቻውን ሲመለስ ሞላው አይታጠፍለትም፤ የቀረውን የሚያጥፈው በአከርካሪው ነው።

የሽንሽኑ መንገድ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በሁለት ሽንሽኖች መካከል 80 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ይመታል። የሰው ገላ ከታች ወደ ላይ የሚመጣን ንዝረት እጅግ የሚጎዳበት ክልል በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ሆድና አከርካሪ አብረው ይናወጣሉ። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ምቱ ወደ 19 ይደርሳል፤ ሞላው ያጣራዋል፣ ሹፌሩም ይመቸዋል። ወጣቶቻችን በጠጠር መንገድ የሚበሩት ከጥጋብ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ስሌት አላየም። ወገባቸው ነው ፍጠኑ የሚላቸው። ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ጎማው ከጠጠሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይሳሳል፤ መታጠፊያ ሲመጣ ፍሬኑ የሚይዘው ነገር ያጣል። እንግዲህ ያረጀ ሾክ ሹፌሩን በሕመምና በአደጋ መካከል ያስመርጠዋል።

ይህ የሹፌሩ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቢቀር እንኳ ዝም ማለት ባልተገባ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ እንመክራለን። ቃሬዛ በአራት ሰው ትከሻ ላይ ሲሄድ ዝግ ይላል እንጂ የትከሻ ሞላ ነበረው፤ ተሸካሚዎቹ ጉድጓዱን አይተው ይረግጣሉ። ምጥ የያዛት ሴት በሞተር ኮርቻ ላይ፣ ከፊት ሹፌሩን ይዛ፣ ከኋላ በዘመድ ተደግፋ ስትሄድ ጊዜ ታተርፋለች። ይህ ትርፍ ሕይወት የሚያድን ነው፤ በቃሬዛው ዘመን አልናፍቅም። ግን ያተረፍነውን ሰዓት የከፈለችው በምን እንደሆነ ማንም አልመዘገበም። የጎጃም ታሪክ ጸሐፊዎች የቡሬን ምሽግ በጥንቃቄ ጽፈናል፤ የዚህችን ሴት መንገድ ግን አልጻፍንም።

ምን ይደረግ? ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቶች ሞተር ሲገዙ የጨረታ ሰነዳቸው የሞተሩን ጉልበትና ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚጫነውን ክብደትና የሚሄድበትን መንገድ ዓይነት ይጻፍ፤ የሾክ መለዋወጫም የግዢው አካል ይሁን። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የፊት ቱቦ ዘይት መለወጥን፣ ለክብደት የሚስማማ ሞላ መምረጥንና ሾክ መፈተሽን እንደ አንድ ሙያ ያስተምሩ። ትክክለኛው ማሻሻያ ሞላውንና ዘይቱን አብሮ የሚያስማማ ነው፤ ሞላውን ብቻ ማጠንከር ችግሩን ወደ ሰው ማዛወር ነው። ሦስተኛው ለእናንተ ለታሪክ ተማሪዎች ነው። ወደ ጋራዥ ሂዱ። ከትሬንታ ኳትሮ ዘመን ጀምሮ የሠሩ አዛውንት ሊቃውንት ጥቂት ቀርተዋል፤ ቃላቸውን፣ መሣሪያቸውን፣ የፈለሰፉትን መዝግቡ። ሹፌሮችንም ስለ ወገባቸው ጠይቁ። ይህ ሁሉ የታሪክ ምንጭ ነው።

መንገድ ተሠራ ስንል ጭነቱ ቀለለ ማለታችን ነው። በእርግጥም ከበቅሎዋ ጀርባና ከነጂው እግር ላይ ተነሥቷል። የተነሣ ጭነት ግን የሆነ ቦታ ያርፋል፤ የት እንዳረፈ መጠየቅ የእኛ የሙያ ግዴታ ነው።